ጊፍትድ መግባቱስ ተገባ፣ መቆየቱስ?

በቪዲዮው ላይ ስለ ልጆቻችን ትምህርት በጨረፍታ ካነሳን ወዲህ "ጊፍትድ የምትሉት ነገር ምንድነው፣ በጽሑፍ ዘርዘር አድርጉልን" ያላችሁን ብዙ ናችሁ። እሺ ብለን ይኸው ጽፈናል። የምንጽፈው እንደተለመደው ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ ቁጭ ብለን ነው፤ ወረፋው ሲንቀሳቀስ እያቆምን፣ ሲቆም እየቀጠልን። ወዲያ ወዲህ ብንል አትፍረዱብን።

ነገሩንም ከዚሁ ከወረፋው እንጀምረው። አንድ የሥራ ባልደረባችን ከመኪናው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣና "እስቲ እንግሊዝኛው የሚገባችሁ እዩልኝ፣ ልጄ ምን ሆነ ነው የሚሉት?" አለን። ፊቱ ልክ አልነበረም። ደብዳቤው ውስጥ "ልዩ አገልግሎት" የሚል ነገር አይቶ ልጁ ላይ ችግር ተገኘበት ብሎ ነው። ለባለቤቱም አልነገራትም። ተቀብለን ስናነበው ነገሩ ሌላ ነው። ሁለተኛ ክፍል ያለው ልጁ በተፈተነው ፈተና ከፍ ያለ ውጤት ስላመጣ ለጊፍትድ ፕሮግራም ሊታይ ይችላል፣ ወላጅ ፎርሙን ሞልቶ ይመልስ ይላል። የመመለሻውን ቀን ስናይ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ሰውየው መጀመሪያ "ተመስገን" አለ። ቀኑን ስንነግረው ዝም አለ።

ይሄ ሰው ሰነፍ አባት አይደለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ እስከ ማታ የሚነዳው ለዚያው ልጅ ነው። ግን ትምህርት ቤቱ የሚናገረውን ቋንቋ አያውቅም። ቋንቋ ስንል እንግሊዝኛውን ብቻ ማለታችን አይደለም፣ የአሠራሩን ቋንቋ ነው።

ጊፍትድ ማለት በአጭሩ፣ ከእኩዮቹ ፈጠን ብሎ የሚገባውን ልጅ ለይቶ ጠለቅ ያለ ትምህርት የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ወጥ ሕግ የለውም። የፌዴራሉ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ይህን ፕሮግራም እንዲያቋቁሙ አያስገድድም፤ በ1988 የወጣው የጃቪትስ ሕግም ቢሆን ለጥናትና ለሙከራ ገንዘብ የሚሰጥ እንጂ የሚያዝ አይደለም። ስለዚህ ስቴቱ ይለያያል፣ ካውንቲው ይለያያል፣ ስሙም ይለያያል። ፍሎሪዳ ላይ ጊፍትድ የሚተዳደረው የአካል ጉዳትና የመማር ችግር ያለባቸው ልጆች በሚረዱበት በዚያው ክፍል ስር ነው። እንግዲህ ባልደረባችን ቢደናገር ይፈረድበታል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በአገር አቀፍ ደረጃ የትምህርት ሚኒስቴሩ የሰብዓዊ መብት ክፍል በሚሰበስበው መረጃ መሠረት ከ100 የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ 15ቱ ገደማ ጥቁር ነው። ጊፍትድ ውስጥ ካሉት ከ100ው ግን ጥቁሮቹ 10 አይሞሉም። "ታዲያ ስላልቻሉ ነው" የሚል አይጠፋም። በ2016 የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲዎቹ ጄሰን ግሪሶምና ክሪስቶፈር ሬዲንግ ይህንኑ ጥያቄ አንስተው መረመሩት። በሒሳብና በንባብ እኩል ውጤት ያላቸውን ነጭና ጥቁር ልጆች አወዳደሩ። እኩል ውጤት እያለውም የጥቁሩ ልጅ ጊፍትድ የመግባት ዕድል የነጩን ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። በጣም የሚገርመው ግን ሌላ ነው። አስተማሪው ጥቁር ሲሆን የጥቁሩ ልጅ ዕድል አስተማሪው ጥቁር ካልሆነበት ጋር ሲተያይ በሦስት እጥፍ ገደማ ይጨምራል።

ይሄን ሰምታችሁ ነጭ አስተማሪ ሁሉ ዘረኛ ነው እንዳትሉ። እኛም አላልንም፣ ጥናቱም አላለም። ነገሩ የሚመጣው ከአሠራሩ ነው። በብዙ ቦታ ልጁ እንዲፈተን መጀመሪያ አንድ ሰው "ይሄ ልጅ ይታይ" ማለት አለበት፣ ሪፈራል የሚባለው። አስተማሪዋ ጎበዝ ልጅ ስትል በአእምሮዋ የሚመጣ መልክ አለ፤ እጁን የሚያወጣ፣ ብዙ የሚያወራ፣ አስተማሪን የሚከራከር። የኛ ልጅ ደግሞ ቤት ውስጥ ምን ተብሎ አደገ? ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በል፣ ዓይን ዓይኑን አትይ። ያንን ጨዋነት ይዞ ክፍል ሲገባ "ጸጥተኛ ነው፣ ጥሩ ልጅ ነው" ተብሎ ሪፖርት ካርድ ላይ ይጻፍለታል። ጥሩ ልጅ ሆኖ ይቀራል። ቤት ውስጥ አማርኛ የሚናገር ከሆነና ኢሶል ከገባ ደግሞ "እንግሊዝኛው ይስተካከል፣ ከዚያ እናየዋለን" ይባላል። ያ "ከዚያ" አንዳንዴ አይመጣም።

ወላጅም ሪፈር ማድረግ ይችላል፤ ግን ማን ነው የሚያውቀው? ያወቀና የሞላለት፣ በግል ሳይኮሎጂስት እስከማስፈተን ይደርሳል።

በሩ ሲከፈት ምን እንደሚሆን የታየው ፍሎሪዳ፣ ብሮዋርድ ካውንቲ ነው። ትልቅ ካውንቲ ነው፣ ፎርት ላውደርዴል ያለበት። እስከ 2005 ድረስ አሠራሩ ሪፈራል ነበር። ከግማሽ በላይ ተማሪው ጥቁርና ሂስፓኒክ ሆኖ ጊፍትድ ውስጥ ግን ከ100 28 ብቻ ነበሩ። በ2005 ካውንቲው አንድ ቀላል ነገር አደረገ። ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ ሁሉ፣ ማንም ሪፈር አደረገው አላደረገው፣ አጭር ፈተና ይውሰድ ተባለ። ፈተናው በሥዕልና በቅርጽ ስለሆነ እንግሊዝኛ ብዙ አይጠይቅም። ያለፈው በካውንቲው ሳይኮሎጂስት በነፃ ሙሉ የአይኪው ፈተና ይሰጠዋል። ይህንን ያጠኑት ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ ናቸው (ካርድ በ2021 በሌላ ሥራው የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው ነው)። ጊፍትድ የተባሉት ጥቁር ልጆች ቁጥር በ80 በመቶ፣ የሂስፓኒኮቹ በ130 በመቶ ጨመረ። የማለፊያው ነጥብ ዝቅ ተደርጎ አይደለም። ልጆቹ ድሮም ነበሩ፣ ያያቸው አልነበረም። ከኢኮኖሚው ቀውስ በኋላ በጀት ሲቀነስ ያ አሠራር ቆመ፣ ቁጥሩም ወደ ነበረበት ተመለሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገር። ብዙዎቻችን ይህንን ስንሰማ "ይሄ የጥቁር አሜሪካኖች ጉዳይ ነው፣ እኛ ሐበሻ ነን" እንላለን። ታክሲ ወረፋው ላይ በየቀኑ የሚባል ነው። ልጃችንን ስናስመዘግብ ግን ፎርሙ ላይ የምንሞላው ሳጥን አንድ ነው። ክፍል ውስጥ ሲገባ አስተማሪዋ የምታየው ቆዳውን እንጂ አክሱምን አይደለም። ዛሬ የምንጠቀምበትን መብት ደግሞ ያስከበሩት እኛ ሳንመጣ እዚህ የነበሩ ጥቁሮች ናቸው። ገና በ1930ዎቹ፣ ጥቁር ልጅ አእምሮው ዝቅ ያለ ነው የሚባልበት ዘመን ላይ፣ ማርቲን ጄንኪንስ የሚባል ጥቁር ምሁር ቺካጎ ውስጥ ጎበዝ ጥቁር ልጆችን ፈልጎ ያጠና ነበር። በ1935 ከፖል ዊቲ ጋር ሆኖ ባሳተመው ጥናት ላይ አይኪዋ 200 የሆነች የዘጠኝ ዓመት ጥቁር ልጅ ነበረች። ጄንኪንስ በኋላ ባልቲሞር የሚገኘው የሞርጋን ስቴት ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ባልቲሞር ብዙዎቻችን የምናመላልስባት ከተማ ናት፣ ስሙን ግን ስንቶቻችን ሰምተናል?

እስካሁን የተናገርነው ስለ መግባት ነው። ማንም የማያወራው ግን ስለ መቆየት ነው። እኛን ያቃጠለን እሱ ነው።

ትልቋ ልጃችን አራተኛ ክፍል ላይ ገባች። ቤት ውስጥ ድግስ ቀረሽ ነበር፤ አያቷ ጋ አዲስ አበባ ተደወለ፣ እልልታው በስልክ ተሰማ። ክፍሉ ውስጥ ጥቁር እሷ ብቻ ነበረች። እኛ ያንን አላየነውም፣ ያየነው የክፍሉን ስም ብቻ ነው። ከገና በፊት ሆዴን ያመኛል ማለት ጀመረች፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት። የድሮ ጓደኞቿ ምሳ ላይ "አንቺ አሁን ነጭ ሆነሻል" ይሏት እንደነበር፣ የአዲሱ ክፍል ልጆች ደግሞ በቡድን ሲሠሩ እሷን መጨረሻ እንደሚመርጧት የሰማነው ከዓመታት በኋላ ነው። የዚያን ጊዜ የሰማነው "ሆዴን" የሚለውን ብቻ ነው። ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ ምንም የለባትም ተባለ።

እኛም የራሳችንን አዋጣን። ሁልጊዜ 100 ታመጣ የነበረች ልጅ ሒሳብ 78 ይዛ መጣች። ምን አልን? "ምን ነካሽ? ለዚህ ነው ሌሊት የምንነዳው?" ልጅቷ ከዚያ በፊት ሳትቸገር የምትሠራ ነበረች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከብድ ነገር ሲገጥማት፣ መክበዱ የትምህርቱ ዓላማ እንደሆነ የነገራት የለም። 78ቱ ከእኛ ፊት ላይ "አትችይም" ተብሎ ነበር የሚነበበው።

የካቲት ላይ ከትምህርት ቤቱ ተደወለ። በትህትና ነው ያወሩን። ምናልባት ፕሮግራሙ ለእሷ ትክክለኛው ቦታ ላይሆን ይችላል፣ ደስተኛ አትመስልም፣ ወደ መደበኛው ክፍል ብትመለስ ይሻላት ይሆናል አሉን። አስተማሪ ተናግሮ አይደል? እኛ አገር የአስተማሪ ቃል ይመለሳል እንዴ? የላኩልንን ወረቀት ፈረምን። ምክንያቱን በጽሑፍ አልጠየቅንም። ምን ድጋፍ ተሞክሮ እንደነበር አልጠየቅንም። እሷንም አልጠየቅናትም። ፊርማው አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

በኋላ ስናነብ ነው ነገሩ የእኛ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ያወቅነው። ዶና ፎርድ የምትባል ጥቁር ፕሮፌሰር፣ ዛሬ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያለች፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የምትጽፈው በዚህ ላይ ነው። በ1996 ያወጣችው መጽሐፍ ጎበዝ ጥቁር ልጆች ለምን ከአቅማቸው በታች ይሆናሉ የሚል ነው። ሐሳቧን በእኛ አነጋገር ስናስቀምጠው፣ ማስገባትና ማቆየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ትምህርት ቤቱ አስገብቶ ሥራዬን ጨርሻለሁ ካለ ልጁ ብቻውን ይቀራል፤ እሱን የሚመስል እኩያ የለ፣ በሚያነበው መጽሐፍ ውስጥ እሱን የሚመስል ሰው የለ፣ አስተማሪው ከእሱ የሚጠብቀው ዝቅ ያለ፣ ከሰፈሩ ልጆች ደግሞ ከዳኸን የሚል ወቀሳ። ልጁ ወይ ጓደኛ ወይ ትምህርት ይመርጣል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን እንደሚመርጥ አትጠይቁን።

ሌላም አለ። በ1995 ክሎድ ስቲልና ጆሹዋ አሮንሰን የስታንፎርድ ተማሪዎችን ከባድ ፈተና ፈተኑ። ለአንዱ ቡድን "ይህ ችሎታችሁን ይለካል" አሉት፣ ለሌላው ይህን አላሉትም። ጥቁሮቹ ተማሪዎች "ችሎታህን ይለካል" ሲባሉ ውጤታቸው ወረደ፤ ያ ሳይባል ሲቀር፣ የቀድሞ ውጤታቸው ከግምት ገብቶ፣ ከነጮቹ ጋር የነበራቸው ልዩነት ጠበበ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ላይ ውጤቱ ሁልጊዜ እንዲህ ጎልቶ አልወጣም፣ ክርክር አለበት። እኛ ግን ልጃችንን ስናስታውስ ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። ብቻዋን ጥቁር ሆና ስትሳሳት የተሳሳተችው ለራሷ ብቻ አይመስላትም ነበር።

ሊጠቅም እንደሚችል ደግሞ እዚያው ብሮዋርድ ታይቷል። ካርድና ጁሊያኖ በሌላ ጥናታቸው ያዩት፣ ጊፍትድ ልጆች ያሉበት ልዩ ክፍል ውስጥ የቀረው ወንበር በፈተና ጥሩ ባመጡ ሌሎች ልጆች ሲሞላ ምን እንደሚሆን ነው። በዚያ መንገድ የገቡት ጥቁርና ሂስፓኒክ ልጆች በሒሳብም በንባብም በጣም ተሻሻሉ፤ ውጭ የቀሩት ልጆችም አልተጎዱም። አጥኚዎቹ ምክንያት ብለው የጠቆሙት አስተማሪ ከልጁ የሚጠብቀውንና የእኩዮችን ጫና ነው። አያችሁ፣ ልጃችን ላይ የከበደው ያው ሁለቱ ነገር ነው።

ፕሮግራሙ ጭራሽ ይቅር የሚሉ አሉ፤ ልጆችን በዘር ይለያል ብለው። ኒው ዮርክ ላይ ከንቲባ ደ ብላዚዮ በ2021 ቀስ በቀስ ላስቀረው ነው አሉ፣ በ2022 ተተኪያቸው አዳምስ እንዲያውም ላስፋፋው አሉ። እኛ በዚህ ክርክር ከዶክተሮቹ ጋር አንገባም። ልጃችን የምትማረው ግን ዛሬ ባለው ፕሮግራም ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ዓይናችሁ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ ይሁን። ብዙዎቻችን የምንነቃው ሃይስኩል ሲደርስ ነው። በ2019 ኒው ዮርክ ስታይቨሰንት ሃይስኩል ከጠራቸው 895 ተማሪዎች ጥቁሮቹ 7 ብቻ ናቸው ሲባል ሁላችንም ጮኸናል፤ ወሬው ግን ከዚያ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው የጀመረው። እዚህ ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ ሁለተኛ ክፍል ላይ ኮጋት የሚባለውን ፈተና ለልጆቹ ይሰጣል። ፈተናው ብቻውን አይወስንም፣ ወላጅ ራሱ ልጁን ማቅረብ ይችላል፣ አልተቀበልንም ከተባለም ይግባኝ አለ። እዚያው ካውንቲ ከ2000 ጀምሮ ያንግ ስኮላርስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ብዙ ጊዜ የማይታዩ ልጆችን ከትንሽነታቸው ለይቶ በአንድ ክፍል አብሮ ያስቀምጣል፣ በክረምትም ያስተምራል። የወደድነው ያንን "አብሮ" የሚለውን ነው። በሌላ ካውንቲና ስቴት ያላችሁ ስሙ ይለያል፤ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ሄዳችሁ "ልጄ ለጊፍትድ የሚታየው መቼ ነው፣ እኔስ ማመልከት እችላለሁ?" በሉ።

እንግሊዝኛ አይመቸኝም የምትሉ፣ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ይሄ ውለታ አይደለም፣ ከ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ የመጣ መብት ነው። ፌርፋክስም ሞንጎመሪም አማርኛ ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። እባካችሁ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። አስተማሪዋ ያለችውን ሳይሆን እሱን የሚያድነውን ነው የሚተረጉምላችሁ፤ እኛም ልጅ ሆነን ብንሆን ያንኑ ነበር የምናደርገው።

ከገባ በኋላ እስከ ሪፖርት ካርድ አትጠብቁ። ጥቅምት ሳይወጣ ሄዳችሁ አስተማሪዋን ተዋወቁ፤ ልጄ ከማን ጋር ይቀመጣል፣ በቡድን ሲሠሩ ከማን ጋር ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ስንት ጥቁር ልጅ አለ ብላችሁ ጠይቁ። ብቻውን ከሆነ፣ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ሌላ ልጅ ካለ አንድ ላይ ይሁኑልን ማለት ነውር አይደለም። ቤት ደግሞ 78 ሲመጣ ፊታችሁን ጠብቁ። "የቱ ነው የከበደህ?" የሚለው ጥያቄ ምንም አያስከፍልም።

ይውጣ ከተባለ በስልክ አትስማሙ፣ በዚያው ቀን አትፈርሙ። ምክንያቱ በጽሑፍ ይሁንልኝ በሉ። እስካሁን ምን ድጋፍ ተሰጠው፣ ምን ያህል ጊዜ ተሞከረ፣ ወደፊት መመለስ ይችላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ስትጠይቁ የሚቆጣ የለም። እነሱ አገር መጠየቅ ስድብ አይደለም፣ እንዲያውም ልጁ ባለቤት እንዳለው ነው የሚያሳየው። እኛ ይህንን ያወቅነው በሁለተኛው ልጃችን ነው። እሱም ከብዶት ነበር፤ ተሰብስበን ቁጭ ብለን፣ የስምንት ሳምንት ጊዜ ይሰጠው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሒሳብ ይታገዝ ተባለ። አሁን ሰባተኛ ክፍል ነው፣ እዚያው አለ። እህቱ አንድ ቀን እራት ላይ "ለእኔስ ለምን እንደዚህ አልጠየቃችሁልኝም?" አለችን። መልስ አልነበረንም፣ እስከ ዛሬም የለንም።

የወረፋው ባልደረባችን ደግሞ በማግስቱ ታክሲውን አቁሞ ትምህርት ቤቱ ሄደ። አስተርጓሚ ጠይቆ ቁጭ አለ። ለዚያ ዓመት አልሆነም፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ራሱ ፎርሙን ሞልቶ አቀረበው፣ ልጁም ገባ። አሁን ማታ ማታ ሲደውልለት ስንሰማው "ስንት አመጣህ?" አይልም። "ዛሬ ምሳ ከማን ጋር በላህ?" ነው የሚለው።

ወረፋው ተንቀሳቀሰ። ቸር እንሰንብት።